ስድስቱ ሳንቲም የት ሄደ? የአክሲዮን ብሮከሮችን የትዕዛዝ አፈጻጸም ፍጥነት ስለማወዳደር

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። አሜሪካ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ በስሙ የከፈተው የአክሲዮን አካውንት አለ፤ እኔ ከሥራ ስመለስ በስልኬ እየገባሁ እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ። ባለፈው ሳምንት የአንድ ኩባንያ አክሲዮን 24.10 ዶላር መሆኑን አይቼ 50 አክሲዮን ለመግዛት ተጫንኩ፤ የተገዛልኝ ግን በ24.16 ነው። የማያ ገጹን ፎቶ አያይዣለሁ። ብሮከራችን፣ ማለትም ትዕዛዛችንን ወደ ገበያ የሚያደርሰው ድርጅት፣ ዘገምተኛ መሆኑ ስለገባኝ ሌሎች ሦስት አወዳድሬ ነበር። የመጀመሪያው በ0.03 ሰከንድ እንፈጽማለን ይላል፣ የደንበኛ ውሉንም ልኬልዎታለሁ፤ ሁለተኛው 0.1 ሰከንድ ይላል፤ ሦስተኛው ስለ ፍጥነት ምንም አልጻፈም። ወደ መጀመሪያው ብንዛወር ይሻላል? ጓደኛዬ ደግሞ አዲስ አበባ ሆኜ ብሠራ ወይም ቪፒኤስ፣ ማለትም ከገበያው አጠገብ ያለ ኮምፒዩተር፣ ብከራይ ትዕዛዜ እንደሚፈጥን ነግሮኛል። እውነት ነው?»

ምላሽ፦ ከስድስቱ ሳንቲም ውስጥ አምስቱ ከመዘግየት ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም። በላኩት ፎቶ ላይ በትልቁ የተጻፈው 24.10 የመጨረሻው ግብይት የተፈጸመበት ዋጋ ነው፤ ማለትም ከእርስዎ በፊት ሌላ ሰው ገዝቶ የጨረሰበት ነው። ሊያዩት ይገባ የነበረው ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የተጻፉትን ሁለት ቁጥሮች ነው፦ ገዢዎች የሰጡት ከፍተኛ ዋጋ 24.08፣ ሻጮች የጠየቁት ዝቅተኛ ዋጋ 24.15። በገበያ ቀን ደብረ ብርሃን በግ ተራ ገብተው «አሁን የወጣው በግ ስንት ተሸጠ?» ብለው ቢጠይቁ አንድ ዋጋ ይነገርዎታል፤ ያ በግ ግን ተጎትቶ ሄዷል። እርስዎ የሚገዙት ገመዱን ይዞ ፊትዎ ከቆመው ባለበግ ነውና የሚከፍሉትም እሱ የጠራውን ነው። በአክሲዮን ገበያም «አሁኑኑ ግዛልኝ» የሚል ማርኬት ኦርደር ሲልኩ የተስማሙት ሻጮች በጠየቁት ዋጋ ለመግዛት ነበር፤ እሱም 24.15 ነበር፤ ስለዚህ በጣም ፈጣኑ ብሮከር እንኳ 24.10 ሊያመጣልዎ አይችልም ነበር።

የቀረችው አንዲት ሳንቲም ናት፤ በ50 አክሲዮን ሲሰላ ግማሽ ዶላር ማለት ነው። እሷም ብትሆን የግድ በመዘግየት የመጣች አይደለችም። በ24.15 ለሽያጭ የቀረበው 25 አክሲዮን ብቻ ኖሮ ቀሪው 25 በ24.17 ተገዝቶ ከሆነ አማካዩ 24.16 ይመጣል። ይህን ለማረጋገጥ በአካውንቱ ውስጥ የትዕዛዙን ዝርዝር ይክፈቱ፤ ትዕዛዙ በስንት ክፍል፣ በስንት ሰዓት ከስንት ሰከንድ፣ በምን በምን ዋጋ እንደተፈጸመ እዚያ ተመዝግቧል። በዚያው ዐይን የዋጋ መረጃው ወቅታዊ መሆኑንም ይመልከቱ፤ በነጻ የሚታዩ በርካታ የዋጋ ገጾች 15 ደቂቃ የዘገየ ዋጋ የሚያሳዩ ናቸውና፣ በእነሱ ተመርቶ ትዕዛዝ የሚልክ ሰው ብሮከሩን ያለ ጥፋቱ ይወቅሳል።

አሁን ወደ ማስታወቂያዎቹ ቁጥር እንምጣ። 0.03 ሰከንድም ሆነ 0.1 ሰከንድ የሚቆጠረው ትዕዛዙ ብሮከሩ ሰርቨር ላይ ከደረሰበት ቅጽበት ጀምሮ እስከተፈጸመበት ድረስ ነው። ጣትዎ ስልኩን ከነካበት እስከ ሰርቨሩ ያለው ጉዞ በቁጥሩ ውስጥ የለም። በተጨማሪም ቁጥሩ አማካይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው ከታላላቅ ኩባንያዎች አክሲዮኖች፣ በመደበኛው የገበያ ሰዓት፣ በአነስተኛ ብዛት ከተላኩ ማርኬት ኦርደሮች ነው። ገበያው በሚናወጥበት ቀን፣ ብዙ ገዢና ሻጭ በሌለው አክሲዮን ላይ፣ ወይም መተግበሪያው በተጨናነቀበት ሰዓት የሚሆነውን ይህ አማካይ አይነግርዎትም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2 ቀን 2020 ሮቢንሁድ የተባለው ታዋቂ የአሜሪካ ብሮከር የግብይት ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል አገልግሎቱ ተቋርጦ ውሏል፤ ለዚያን ዕለት ደንበኞች የሌላው ቀን የሚሊሰከንድ (የሰከንድ አንድ ሺኛ) አማካይ ምን ይጠቅማቸው ነበር?

ቦታ ስለመቀየርና ስለ ቪፒኤስ የተነገረዎት በስሌት ሲታይ አይጸናም። የኒውዮርክ ስቶክ ኤክስቼንጅ ዋና ሰርቨሮች ያሉት በኒው ጀርሲ ግዛት ማዋ በምትባል ቦታ ሲሆን የናስዳቅ ደግሞ እዚያው ግዛት ካርተሬት ውስጥ ነው። ከደብረ ብርሃን እስከዚያ በቀጥታ መስመር እንኳ ቢለካ ከ11,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በኦፕቲክ ፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የአንድ አቅጣጫ ጉዞ ብቻ ቢያንስ 55 ሚሊሰከንድ፣ ደርሶ መልስ 110 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ትክክለኛው ጊዜ ግን ከዚህ ይበልጣል፤ ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት መረጃው መጀመሪያ በየብስ ፋይበር ወደ ጎረቤት አገር ወጥቶ፣ ከዚያ በባሕር ሥር ገመድ ዞሮ የሚሄድ ነው። በዚህ ላይ ያዩት ዋጋ ራሱ ያንኑ መንገድ ተጉዞ ስለሚደርስዎ ገና ሲያዩት አርጅቷል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ መኖሪያ ቀይረው ቢሄዱ ከደርሶ መልሱ የሚቀንስልዎ 1.3 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። የሰው ዐይን ተርገብግቦ እስኪከፈት ከዚህ ብዙ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። ቪፒኤስ የሚጠቅመው ራሱ ወስኖ ትዕዛዝ የሚልክ ፕሮግራም ለሚያስኬድ ሰው ነው። እርስዎ ግን የዚያን ኮምፒዩተር ማያ ገጽ እያዩ በጣትዎ የሚያዙ ከሆነ ምስሉም መጥቶ ትዕዛዝዎም ሄዶ ያው ርቀት ይጓዛል፤ የሚጨምርልዎ የወር ኪራይ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ፍጥነት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ፍጥነት የሚፈለገው የተሻለ ዋጋ ለማግኘት ስለሆነ መለካት ያለበት ዋጋው ራሱ ነው። አንድ ብሮከር ትዕዛዝዎን በ0.03 ሰከንድ ውስጥ በ24.15 ቢፈጽምልዎና ሌላው በ0.2 ሰከንድ ውስጥ፣ የተሻለ ሻጭ ፈልጎ፣ በ24.143 ቢፈጽምልዎ ዘገምተኛው በ50 አክሲዮን 35 ሳንቲም አትርፎልዎታል። ከታየው የተሻለ ዋጋ ሲገኝ በሙያው የዋጋ ማሻሻያ ይባላል፤ በተቃራኒው ካሰቡት የከፋ ዋጋ ሲመጣ ስሊፔጅ እንለዋለን። በአሜሪካ በርካታ ብሮከሮች ኮሚሽን የማያስከፍሉት የደንበኞቻቸውን ትዕዛዝ ወደ ታላላቅ አሻሻጭ ድርጅቶች መርተው ከእነዚያ ክፍያ ስለሚቀበሉ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይና ልውውጥ ኮሚሽን ከላይ በጠቀስኩት በሮቢንሁድ ላይ ባቀረበው ክስ፣ ድርጅቱ ይህን የገቢ ምንጩን በተመለከተ ደንበኞቹን እንዳሳሳተና ደንበኞች በደካማ የአፈጻጸም ዋጋ ምክንያት፣ ያልከፈሉት ኮሚሽን ታስቦላቸው እንኳ፣ 34.1 ሚሊዮን ዶላር እንዳጡ ገልጿል፤ ድርጅቱም ክሱን ሳያምንና ሳይክድ 65 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ያ ሁሉ ገንዘብ የጠፋው በየትዕዛዙ በሳንቲምና በሳንቲም ክፋይ ነበር፤ ማንም ደንበኛ ማያ ገጹ ላይ አላየውም።

ስለ መጀመሪያው፣ ማለትም 0.03 ሰከንድ ስለሚለው ድርጅት፣ በተለይ ልናገር የምፈልገው አለኝ። የላኩልኝን የደንበኛ ውል አንብቤዋለሁ። ውሉ ደንበኛው የአክሲዮኑ ባለቤት እንደማይሆን በግልጽ ይናገራል። የሚሸጥልዎት አክሲዮን ሳይሆን ሲኤፍዲ፣ ማለትም የዋጋ ልዩነት ውል ነው፤ አክሲዮኑ ሲወጣ ድርጅቱ ልዩነቱን ይከፍልዎታል፣ ሲወርድ እርስዎ ይከፍሉታል። ትዕዛዝዎ ወደ የትኛውም የአክሲዮን ገበያ መሄዱ ግዴታ አይደለም፤ ድርጅቱ ራሱ በራሱ ሰርቨር ላይ ተቃራኒ ወገን ሆኖ ይመዘግበዋል። ሁለት ክፍል ካለው ቤት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወሰድ ዕቃ ቢፈጥን ምን ይደንቃል? ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ። እንዲህ ባለ አሠራር ዋጋው ለእርስዎ ሲመች ትዕዛዙን ውድቅ አድርጎ፣ ሲከፋ ብቻ የሚፈጽም ድርጅት ሊኖር ይችላል፤ በማስታወቂያው ላይ ያለው ሰከንድ ይህን አይነግርዎትም። የአውሮፓ የሰነደ መዋዕለ ንዋይና የገበያ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 በሲኤፍዲ ላይ ገደብ ሲጥል ባወጣው ጥናት መሠረት በሲኤፍዲ ከሚነግዱ የግል ደንበኞች አካውንቶች ከ74 እስከ 89 በመቶ የሚሆኑት ይከስራሉ። በአሜሪካ ደግሞ ሲኤፍዲ ለግል ደንበኛ ማቅረብ የተከለከለ ስለሆነ፣ እዚያ የሚኖሩትን ወንድምዎን ለመመዝገብ ዝግጁ የሆነ ድርጅት የአገሩን ሕግ የማያከብር መሆኑን ከወዲሁ ይወቁ። በእውነተኛ ገንዘብ ሳይሆን ለመለማመድ ብቻ የሚሰጠው የሙከራ አካውንት በቅጽበት መታዘዙም አያታልልዎ፤ የሙከራ አካውንት ከማንም ጋር ስለማይገበያይ የሚያዘገየው ነገር የለም።

እንግዲህ በሁለተኛው፣ በሦስተኛውና አሁን ባላችሁ ብሮከር መካከል እንዴት ይወዳደር? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የሕግ ሰነዶችን መመልከት ነው። በአሜሪካ ደንብ 606 መሠረት እያንዳንዱ ብሮከር የደንበኞቹን ትዕዛዝ ወደ የት እንደሚመራና ምን ክፍያ እንደሚቀበል በየሩብ ዓመቱ ያሳትማል። ከዚህ በላይ ወንድምዎ የአካውንቱ ባለቤት ስለሆኑ፣ ባለፉት ስድስት ወራት የራሳቸው ትዕዛዞች ወደ የትኛው ተገበያይ እንደተላኩና መቼ እንደተፈጸሙ ብሮከሩ እንዲገልጽላቸው መጠየቅ ይችላሉ፤ ይህን መብት የሚጠቀም ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል። ደንብ 605 ደግሞ የአፈጻጸም ጥራትን፣ ፍጥነትንም ጭምር፣ በወር በወር የሚያስመዘግብ ነው፤ ቀድሞ የሚመለከተው ትዕዛዝ የሚፈጸምባቸውን ተቋማት ሲሆን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በተደረገው ማሻሻያ 100,000 እና ከዚያ በላይ ደንበኛ ያላቸው ብሮከሮችም እንዲካተቱበት ተወስኗል። ስለ ፍጥነት በማስታወቂያው ምንም ያልጻፈው ሦስተኛው ብሮከር በእነዚህ ሰነዶች ከሁሉም ተሽሎ ሊገኝ ይችላልና ዝም በማለቱ ብቻ አይጣሉት።

ሁለተኛው መንገድ ራስ መለካት ነው፤ እኔም ከሁሉ የማምነው ይህን ነው። ባለፈው ክረምት ደብረ ብርሃን ከአንድ ወጣት ዘመዴ ጋር ተቀምጠን በአንድ ስልክ ትዕዛዝ እየላከ በሌላ ስልክ ማያ ገጹን በቪዲዮ ቀረጽንለት። ቪዲዮውን አዝግመን ስናየው ጣቱ ቁልፉን ከነካ በኋላ «ተልኳል» የሚለው ጽሑፍ ሳይወጣ መሐሉ ላይ ያለችው ክብ ምልክት ስትሽከረከር ቆየች፤ «ተልኳል» ካለ በኋላ ግን «ተፈጽሟል» ለማለት አፍታም አልወሰደበትም። ከፊት ለፊት ያለው ቆይታ የስልኩና የኔትወርኩ ነበር፤ ብሮከሩ ተጠያቂ የሚሆንበት ከኋላ ያለው ብቻ ነው። በቤቱ ግድግዳ አጠገብ ካለው መቀመጫ ተነሥቶ መስኮቱ ሥር ሲቀመጥ የፊተኛው ቆይታ በዐይን በሚታይ መጠን አጠረ። ብሮከር ለመቀየር ወስኖ የነበረ ልጅ ወንበር ቀይሮ ተመለሰ። እርስዎም እንዲህ ያድርጉ፦ አንድ ደብተር ይያዙና በእያንዳንዱ ትዕዛዝ በተጫኑበት ቅጽበት የነበረውን የገዢና የሻጭ ዋጋ፣ የተፈጸመበትን ዋጋና የአክሲዮኑን ብዛት ይመዝግቡ። ለመግዛት ከሆነ የተፈጸመበትን ዋጋ ከሻጩ ጥሪ ጋር፣ ለመሸጥ ከሆነ ከገዢው ስጦታ ጋር ያነጻጽሩ። በእያንዳንዱ ብሮከር ቢያንስ 30 ትዕዛዝ፣ በተመሳሳይ አክሲዮንና በተመሳሳይ ሰዓት ካልሆነ ማነጻጸሪያው አይያዝም፤ በአምስት ትዕዛዝ የሚታየው ልዩነት የአጋጣሚ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ መጠንቀቅ ያለብዎት አንድ ነገር አለ። የአሜሪካ ገበያ የሚከፈተው ከመጋቢት እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል፣ በቀሪዎቹ ወራት ደግሞ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ የሚዘጋውም እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 5 ሰዓት ወይም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በገዢና በሻጭ ዋጋ መካከል ያለው ክፍተት፣ ስፕሬድ የምንለው፣ ሰፊ ይሆናል፤ ዋጋውም ይዘላል። ከሥራ እንደወጡ በጥድፊያ የሚልኩት ትዕዛዝ የሚያርፈው በትክክል እዚህ ላይ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ቢታገሡ ከየትኛውም የብሮከር ለውጥ የበለጠ ሊያተርፍልዎ ይችላል። ሌላው አደጋ የመብራትና የኔትወርክ መቆራረጥ ነው። አንድ ወዳጄ 40 አክሲዮን ሊገዛ ተጭኖ ማያ ገጹ ሲደርቅበት፣ አልሄደም ብሎ ደግሞ ተጫነ፤ ኔትወርኩ ሲመለስ 80 አክሲዮን ተገዝቶ አገኘው። ማያ ገጹ ሲደርቅ ደግመው አይጫኑ፤ ወጥተው ተመልሰው በመግባት የትዕዛዞችን ዝርዝር ይመልከቱ። የኪሳራ ማቆሚያ ትዕዛዝ፣ ማለትም ዋጋው ከወሰኑት ሲወርድ ራሱ የሚሸጥ ትዕዛዝ፣ የሚያስፈልግዎ ከሆነም ሲገዙ ወዲያው አብረው ያስገቡት፤ እሱ የሚቀመጠው ከስልክዎ ውጭ ስለሆነ መብራት ቢጠፋም ሥራውን ይሠራል፤ ሆኖም ዋጋው ከዘለለ ካሰቡት በታች ሊሸጥ እንደሚችል ይወቁ።

ምክሬ ግልጽ ነው። ወደ መጀመሪያው ድርጅት በምንም ምክንያት አይዛወሩ፤ ያላችሁንም ብሮከር በዚህ አንድ ትዕዛዝ ምክንያት አትልቀቁ። ከዛሬ ጀምሮ ማርኬት ኦርደር መጠቀም ያቁሙና በሊሚት ኦርደር ብቻ ይሥሩ፤ ማለትም «ከዚህ ዋጋ በላይ አትግዛልኝ» ብለው ይዘዙ። በዚያች ምሽት በ24.15 ሊሚት ቢያደርጉ ኖሮ ወይ በ24.15 ወይም በተሻለ ይገዛልዎት ነበር፣ አለበለዚያ በሙሉም ሆነ በከፊል ሳይገዛ ይቀር ነበር። ሳይገዛ መቅረቱ የዚህ ትዕዛዝ ጉድለት ነው፤ ዋጋው እየሸሸ ሲሄድ ቆሞ ማየት ይኖራል። ለሳምንታት ይዞ ለሚቆይ ሰው ግን ይህ የሚሸከሙት ጉዳት ነው። በሰከንዶች ውስጥ ገዝቶ መሸጥ ካሰቡ፣ በ11,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ከገበያው ሥር ከተተከሉ ማሽኖች ጋር መሽቀዳደም ስለሆነ ከአሁኑ ይተዉት። ከ30 ትዕዛዝ በኋላ ደብተርዎ የአሁኑ ብሮከር በተደጋጋሚ ከሻጩ ጥሪ በላይ እንደሚገዛልዎ ካሳየ ያን ጊዜ ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን በትንሽ ገንዘብ ይሞክሩ፤ ከዚያ በፊት ግን ብሮከርቼክ በተባለው የአሜሪካ የብሮከሮች መዝገብ ላይ መኖሩንና ብሮከሩ ቢወድቅ ለደንበኞቹ እስከ 500,000 ዶላር ሽፋን የሚሰጠው ሲፒክ የተባለ ድርጅት አባል መሆኑን ያረጋግጡ።

የአገራችንን ገበያ ለሚያስቡም አንድ ቃል ልበል። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ የሚሊሰከንድ ጉዳይ ገና አይነሣም፤ በአዲስ ገበያ ትዕዛዝን የሚያቆየው የተቃራኒ ወገን አለመኖር ነው። እዚያ መጠየቅ ያለበት አገናኙ ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው መሆኑ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ እርስዎ ያልጠየቁት ቢሆንም ከፍጥነቱ ይልቅ እሱ ያሳስበኛል። በወንድምዎ የይለፍ ቃል መግባት በአብዛኛዎቹ ብሮከሮች ውል የተከለከለ ነው፤ ከኢትዮጵያ የመጣ መግቢያ ሲታይ አካውንቱ ሊታገድ ይችላል፣ ያን ጊዜ ደግሞ የያዛችሁትን አክሲዮን ለመሸጥ የምታጡት ቀናት ነው። መንገዱ ወንድምዎ ብሮከሩን ጠይቀው ገንዘብ ማውጣትን የማይጨምር የግብይት ውክልና በስምዎ ማስመዝገብ ነው፤ ብሮከሩ በኢትዮጵያ ለሚኖር ሰው ይህን ውክልና መፍቀድ አለመፍቀዱንም ያኔ ይነግራቸዋል። በአካውንቱ ውስጥ ያለው ገንዘብ የእሳቸው ሆኖ መቆየት አለበት፤ ከዚህ የውጭ ምንዛሬ ለዚሁ ብሎ መላክ የብሔራዊ ባንክን ፈቃድ የሚጠይቅ ነውና አይሞክሩት። ውክልናው እስኪመዘገብ ድረስ ትዕዛዙን ወንድምዎ ራሳቸው ያስገቡ፤ እርስዎ የአክሲዮኑን ስም፣ ብዛቱንና የማይታለፈውን ዋጋ ከ10 ሰዓት በፊት ጽፈው ይላኩላቸው።